ጣራ የሌለው ገበታ

ዘንድሮ በፋሲካ ጧት የልጅ ልጄ ቤቴልሔም እጄን ይዛ ወደ ጓሮ አወጣችኝና፣ «አያቴ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ» አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ ዓይኔን ጨፍኜ የምጠብቀው ደስታ ብዙ አልቀረኝም፤ ለልጅ ፈቃድ ብዬ ግን ጨፈንሁ። ዓይኔን ከመግለጤ በፊት ሽታው ደረሰኝ፤ እርጥብ ቄጤማ፣ ገና የተቆረጠ የኮባ ቅጠል፣ ከእነርሱም ሥር የማታው ካፊያ የነካው ቀይ አፈር። ስገልጥ ያየሁት ረጅም፣ ያልተላገ የሳንቃ ገበታ ነው። በጨርቅ ፈንታ የኮባ ቅጠል ተነጥፎበታል፤ የሸክላ ሳህንና የቅል መጠጫ ተደርድሮበታል፤ መካከሉ ላይ ድፎ ዳቦው ተቀምጧል፤ ዙሪያውን ደግሞ አደይ አበባ ተበትኗል። አደይ አበባ በሚያዝያ! ቀረብ ብዬ በጣቴ ብነካው ፕላስቲክ ነው።

«የአያቶቻችን የገጠር ፋሲካ ነው» አለች ቤቴልሔም፣ ስልኳን ወደ ገበታው አነጣጥራ። «እማዬ ናት የነገረችኝ። ቅድመ አያቴ ፋሲካን በየዓመቱ ውጭ ነበር አሉ የሚያዘጋጁት፤ በቅጠል፣ በአበባ። እንዴት ያለ ውብ ባህል ነው!»

ባህል አለችው። ቁጣ ከእግሬ ጥፍር ተነሥቶ እስከ ራስ ፀጉሬ ሲወጣ ተሰማኝ። ልጂቱን አልወቅሳትም፤ የነገሯትን ነው የያዘችው። የምቆጣው የዚያን ገበታ ውበት ለልጆች እያወረሱ ምክንያቱን በዋጡት ሰዎች ላይ ነው። አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት ስለሌሉ፣ ያ ገበታ ለምን ከቤት እንደ ወጣ የምናገረው እኔ ነኝ።

አስቀድሜ ግን የአበባውን ነገር ልጨርስ። ዛሬ ሰው ሁሉ ጸደይ የሚለው መስከረምን ነው፤ ልጆቹም ከዚያ የተነሣ ነው የተሳሳቱት። ባሕረ ሐሳብ የተማርን ሰዎች ጸደይ የምንለው ከመጋቢት መገባደጃ ጀምሮ ያለውን፣ በልግ የሚዘንብበትን፣ ፋሲካ የሚውልበትን ዘመን ነው። በነቀምቴ ያ ዘመን የራሱ አበባ ነበረው። የመጀመሪያው ዝናብ ባረፈ በሳምንቱ በየጓሮው ያለው ቡና ነጭ ይለብሳል፤ ሽታውም ከቅዳሴ ስንመለስ መንገድ ድረስ ወጥቶ ይቀበለን ነበር። እናቴ ገበታዋን ያስጌጠችው በዚያ ነው። ቤታችን ቡርቃ ጃቶ ነበር። ዛሬ ፎቅ የቆመበት ሥፍራ ያን ጊዜ ምንጭና ረግረግ ነው፤ የቀዳም ሥዑርን ቄጤማ የምናጭደው እዚያው ወርደን፣ ሱሪያችንን እስከ ጉልበታችን ሰብስበን ነው። ቤቴልሔም የጎዘጎዘችው ከገበያ በእስር የተገዛ ነው፤ ሥሩ ላይ ጭቃ እንኳ የለበትም።

አባቴ መሪጌታ ውብሸት ከጎጃም ዜማ ሊያስተምር መጥቶ በዚሁ የቀረ ሰው ነው። እናቴ ጉዲቱ የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ እኛ ልጆቿ በኦሮምኛ አዮ እንላት ነበር። ለአባቴ በአማርኛ፣ ለእርሷ በኦሮምኛ እየመለስን፣ ሁለቱ ሲጣሉ ደግሞ በሁለቱም ቋንቋ ዝም እያልን አደግን። የፋሲካ ሰሞን ገበያችንን ባያችሁት! ቅቤው በኮባ ተጠቅልሎ፣ ጠል መስሎ እየወዛ ይመጣል። አውራ ዶሮ በሽልንግ፣ ማጅራቱ የደነደነው በብር ይሸጣል፤ ሴቶቹ እግሩን ይዘው ዘቅዝቀው ሲመዝኑት ይጮኻል፣ እነርሱም ከጩኸቱ በላይ ይከራከራሉ፤ ዋጋው በኦሮምኛ ተጀምሮ በአማርኛ ይጨረሳል። ጥጉ ላይ ያለው ጉራጌ ባለሱቅ ጧፉን በእቅፍ አውጥቶ ደጃፉ ላይ ይሰቅለዋል፤ የሬዲዮኑንም ድምፅ ለሰሙነ ሕማማት ብሎ ዝቅ ያደርገዋል። ለእኔ አዲስ የአቡጀዴ ሱሪ፣ ለታላቅ እኅቴ ለጥሩወርቅ ደረቱ ላይ መስቀል የተጠለፈበት የሸማ ቀሚስ ይገዛ ነበር። ይህን ስጽፍ አፌ ውኃ እንደሚሞላ አልክድም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ያን ሁሉ ጣዕም በአንድ ጧት አመድ አደረጉብን፣ እኔም ጣዕሙን ከአመዱ ለይቼ ማስታወስ አልቻልሁም።

ጥሩወርቅን ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የላካት ራሱ አባቴ ነበር። በእርሱ ጉባኤ ለሴት ልጅ የሚሆን ትምህርት አልነበረም፤ እርሷ ደግሞ የእኔን ዳዊት በጀርባዬ አጮልቃ እያየች ከእኔ ቀድማ የምትጨርስ ልጅ ነበረች። ልብስ ስፌት ትማር ብሎ ላካት። ስፌቱን ተማረች፤ ሌላውንም ተማረች፤ በመጨረሻም የዚያው ትምህርት ቤት አስተማሪ የሆነውን ደበላን አግብታ ኡኬ ወደሚባል ቦታ ወረደች። ማተቧንም ፈታች። የደብሩ ሰዎች «የመሪጌታ ልጅ ማተቧን በጠሰች» እያሉ በቅኔ ማኅሌቱ ደጅ ሲንሾካሾኩ አባቴ ሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟን ጠርቶ አያውቅም። አዮ ግን በየገበያው ቀን ከኡኬ የሚመጡትን ሴቶች እየጠበቀች ወሬዋን ትጠይቅ ነበር።

የምናገረው ፋሲካ የዋለው በዚህ መካከል ነው። እኔ ጢሜ ያቀመቀመ የቅኔ ተማሪ ሆኜ፣ ለሰሙነ ሕማማት ቤቴ መጥቼ ነበር። ቀዳም ሥዑር ነው። ካህናቱ ደወል እየመቱ ቄጤማ አድለው አልፈዋል፤ አባቴም ቄጤማውን ራሱ ላይ አስሮ ደፉ ላይ ተቀምጧል። ያ ቄጤማ የኖኅ ርግብ የውኃውን መጉደል ያበሠረችበት፣ የሰላም ምልክት ነው። እርሱን በራሱ ላይ አስሮ ነው የሚቀጥለውን የተናገረው።

«ጥሩወርቅ ነገ ትመጣለች» አለችው አዮ።

«ከጣራዬ ሥር አትገባም።»

«ልጅህ ናት።»

«ማተቧን የበጠሰች ከጣራዬ ሥር አትገባም ብያለሁ! የንስሐ አባታችን ዳቦውን ሊባርኩ ይመጣሉ። ምን ልበላቸው?»

አዮ ቀና ብላ የሣሩን ክዳን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው። «ከጣራህ ሥር ነው ያልከው?»

«አዎን።»

«እሺ፣ መሪጌታ።»

አባቴ የተረታች መስሎት ደስ ብሎት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። የዘንጉ ድምፅ ከአጥሩ ሳይርቅ አዮ ወደ እኔ ዞራ፣ «ያን ሳንቃ አውርድ» አለችኝ። አባቴ ለአዲስ በር ብሎ ያስፈለጠው፣ ገና ያልተላገ የዋንዛ ሳንቃ ነበር። ቤቴልሔም ሻካራ እንጨት ለጌጥ ብላ ፈልጋ ገዝታለች፤ የእኛ ሻካራ የሆነው በር ሊሆን ሲል ገበታ ስለሆነ ነው። ከጓሯችን ዛፍ ጥላ ሥር ላስቀምጠው ስል፣ «ፈቀቅ አድርገው» አለችኝ። «ጥላም ጣራ ነው እንዳይለኝ።»

ሌሊቱን በቅዳሴ አሳለፍን። በእኛ ቤት ከቅዳሴ መልስ ከተልባ ውኃ በቀር አይቀመስም፤ ጾሙ የሚፈታው ጧት አባቴ የፋሲካውን ዳቦ ሲቆርስ ነው። ከእርሱ እጅ በቀር ሌላ እጅ ያን ዳቦ ቆርሶ አያውቅም። ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ ሁላችንም የራበን ሰዎች ነበርን፤ ይልቁንም ሁለቱ ታናናሽ እኅቶቼ። አዮ የኮባውን ቅጠል እሳት ላይ አሳልፋ አለሰለሰችው፤ ሳንቃው ላይ ስታነጥፈው እንደ ሐር ተኛ። ዶሮውን በሸክላ ድስቱ፣ አይቡን በቅል፣ ለዚህ ቀን ብላ ከመሬት ሳታወጣ ያቆየችውን አንጮቴ ቀቅላ በቅቤ አቀረበች። ለልጆቹ የማር ብርዝ ቀዳች። ድፎውን መካከል ላይ አስቀምጣ ዙሪያውን ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የቡና አበባ ከበበችው። ያን ያህል ያማረ ገበታ ከዚያ በኋላ በጌቶች ግብር እንኳ አላየሁም። ያ ውበት ግን እልኽ ነው። እያንዳንዱን ቅጠል ያስቀመጠችው ከንፈሯን ነክሳ ነው።

ጥሩወርቅ ማታውን ጨለለቂ ሰፈር ካሉ ዘመዶቻችን ዘንድ አድራ ስለነበር ፀሐይ ከመሞቋ በፊት ደረሰች። ደበላ በቅሎዋን እየሳበ እስከ አጥሩ ሸኛት።

«ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ! ነይ ልጄ!» አለች አዮ፣ እጇን ዘርግታ።

ጥሩወርቅ ገበታውን አይታ ቆመች። «አዮ፣ ምንድን ነው ይኼ? ቤቱ ተቃጠለ እንዴ?»

«ቤቱ አለ። ጣራ በዛበት።»

ነገሩ ወዲያው ገባት። ሣቀች፤ ሣቋ መካከሉ ላይ ተሰበረ። አጠገቤ ተቀመጠችና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሁዳዴን ሙሉውን ጾሜያለሁ» አለች። «ደበላ ሣቀብኝ። ለእግዜር ብዬ ነው ብል እዋሻለሁ። ከአዮ ገበታ ጠግቤ እንዳልቀርብ ብዬ ነው።»

«ኦቦ ደበላ፣ ማሎ፣ እባክህ ግባ እንጂ!» ብላ ተጣራች አዮ።

«እኔ በቅሎዋን ልያዝ፣ አዴ» አለ ከአጥሩ ውጭ። «ዛሬ የእርሷ ቀን ነው።»

የንስሐ አባታችን መጡ። ገበታውን አዩ፣ ጥሩወርቅን አዩ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ቀጥ ብለው ወደ ቤት ገቡ። አባቴም ከውስጥ ነበር። ዳቦው ውጭ፣ ቢላዋው ውስጥ ሆነ። መልእክተኛ ሆኜ የተመላለስሁት እኔ ነኝ።

«ዳቦውን አምጪ በላት» አለኝ አባቴ።

«ዳቦው ከገበታው ላይ ነው፤ ወጥቶ ይቁረስ በለው» አለች አዮ።

«ልጂቱ ተነሥታ ትሂድ፣ እኔም ወጥቼ እባርካለሁ» አሉ የንስሐ አባታችን። «ለቤቱ ሰላም ብዬ ነው።»

«አባ፣ ሰላም ከፈለጉ ወንበር አለ በላቸው» አለች አዮ።

«ዶሮው ይቀዘቅዛል በላት!»

«ይቀዝቅዝ በለው።»

እንደገና ስገባ አባቴ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። «ለመሆኑ አንተ ከማን ወገን ነህ?»

«ከራባቸው ወገን ነኝ» አልሁት። በሌላ ቀን ቢሆን በዘንግ ይለኝ ነበር።

እንዲህ እንዳለን ፀሐይዋ ከፍ አለች፤ ከዚያም ጠፋች። የበልግ ደመና ሲመጣ አያስጠነቅቅም። የመጀመሪያው ነጠብጣብ ኮባው ላይ ሲያርፍ የከበሮ ድምፅ ሰጠ። አዮ ነጠላዋን ከራሷ ገፍፋ ዳቦው ላይ ዘረጋችው፤ እርሷ ፀጉሯን ለዝናቡ ሰጥታ ቁጭ አለች። አባቴ ቢላዋውን ይዞ ደፉ ላይ ቆመ። በእርሱና በእኛ መካከል የነበረው ከክዳኑ ጫፍ የሚንጠባጠበው ውኃ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ እግሩን ቢያነሣ ኖሮ የምጽፈው ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር። አላነሣም። ትንሿ እኅቴ ከረኃብና ከብርድ የተነሣ ማልቀስ ጀመረች። ይህን ጊዜ ጥሩወርቅ ተነሣች።

«ታኢ! ተቀመጪ!» አለች አዮ። «አትነሺ!»

«አዮ፣ ልጆቹ ራባቸው።»

ጎንበስ ብላ የእናቷን ጉልበት ሳመች። ወደ ደፉ ዞራ አላየችም። ደበላ ካፖርቱን አልብሷት፣ በቅሎዋ ላይ አውጥቷት፣ በዚያ ዝናብ የኡኬን መንገድ ያዙ።

ጥሩወርቅ ከአጥሩ ስትወጣ አባቴ ወጣ። ዳቦውን ከእነ ነጠላው አንሥቶ ወደ ቤት አስገባ። ተባረከ፤ ተቆረሰ። የንስሐ አባታችን ለክቡር እንግዳ የሚወጣውን ፈረሰኛ ተቀብለው፣ አጥንቱን እየጋጡ ስለ ትንሣኤ ሲናገሩ በዓይኔ አይቻለሁ። ክህነታቸውን አልነካም፤ ክህነት የእግዚአብሔር ነው። ሰውየውን ግን እስከ ዛሬ ይቅር ማለት አቅቶኝ በየዓመቱ ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ። ዕድሜዬን በመጻሕፍት መካከል ነው የፈጀሁት፤ ከጣራዬ ሥር አትግባ የሚል የፋሲካ ትምህርት አላገኘሁም። ያገኘሁት ከሙታን የተነሣው ጌታ በባሕር ዳር፣ በሜዳ ላይ፣ ራሱ ፍም አንድዶ ዓሣና እንጀራ እንዳቀረበ ነው። የጠራውም ትተውት የሸሹትን ነው። ሦስት ጊዜ የካደው ጴጥሮስ እንኳ ከዚያ ምሳ በላ። ያም ገበታ ጣራ አልነበረውም። አባቴ ይህን ምንባብ ከእኔ ይልቅ ያውቀው ነበር፤ ያስተማረኝም እርሱ ነው። የሚያቃጥለኝ ይህ ነው።

አዮ በዚያ ቀን ወደ ቤት አልገባችም፤ ዝናቡ እስኪያባራ ከባዶው ገበታ ተቀምጣ ዋለች፤ አልበላችም። በዓመቱ ፋሲካ ሲደርስ ሳንቃውን እንደገና አስወረደችኝ። አባቴ፣ «ልጂቱ እኮ አትመጣም፤ አሁን ለማን ነው?» አላት። «እንደማትመጣ አውቃለሁ» አለችው። «ከጣራህ ሥር ግን የፋሲካን ዳቦ እኔም አልበላም።» ቢላዋውን ይዞ ወጣ፤ በሜዳ ላይ ቆረሰ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ እንዲሁ ሆነ፤ በየዓመቱም አዮ ከአጠገቧ ለጥሩወርቅ ቦታ ትተዋለች፣ ቅሉንም ትደፋበታለች። ጎረቤቶቻችን፣ «የመሪጌታ ቤት ፋሲካ እንዴት ያምራል!» እያሉ ገበታቸውን ወደ ውጭ ማውጣት ጀመሩ። የእናቴ ክስ የሰፈር ጌጥ ሆነ። እርሷ ዝም አለቻቸው፤ እኔ ግን ያን ጊዜም ጥርሴን እነክስ ነበር።

አባቴ ሲያርፍ አዮ ወደ ኡኬ ላከች። ጥሩወርቅ የመለሰችው፣ «የዘጋው ሰው ሳይከፍት ሞተ፤ እንግዲህ ማን ሊከፍትልኝ እመጣለሁ?» ብላ ነው። ከዚያ ወዲህ እኔ በየፋሲካው ማግሥት ከዳቦው ቆርጬ በኮባ ጠቅልዬ እወስድላታለሁ። ትቀበለኛለች፣ ትስመኛለች፣ ዳቦውን ግን ቆማ ነው የምትበላው። አዮም ደበላም ካለፉ ብዙ ዘመን ሆነ፤ እርሷ ዛሬም ቆማ ትበላዋለች።

ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነው በቤቴልሔም ገበታ ፊት የቆምሁት። ወንበሮቹን አየሁ። የቤተሰቡ ሁሉ አለ፤ በራስጌው የካህኑ አለ።

«የጥሩወርቅ የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እማማ ጥሩወርቅ?» አለች ስልኳን ዝቅ አድርጋ። «አያቴ፣ እሳቸው እኮ ጴንጤ ናቸው። አባም ለቡራኬ ይመጣሉ፤ እንዳይከፋቸው ብለን። ለሰላም ብለን ነው።»

ለሰላም! ያው ቃል፣ ከዚያው ዳቦ ፊት። የያን ጊዜው የንስሐ አባታችን አፈር ከሆኑ ስንት ዘመናቸው ነው፤ ቃላቸው ግን በልጅ ልጄ አፍ ትንሣኤ አገኘ። የጥሩወርቅ የልጅ ልጆችም ቄጤማችንን ጣዖት ይሉታል ሲባል እሰማለሁ፤ ቁጣዬ ለእነርሱም ይተርፋል። «ስሚ» አልኋት። «ይህ ገበታ ከቤት የወጣው እርሷ እንድትቀመጥበት ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። እናንተ ቅጠሉን ወረሳችሁ፣ እርሷን ጣላችኋት።» ከዚያም ከአባቴ የወረስሁትን ቢላዋ ከገበታው አነሣሁ። ዛሬ በቤታችን የፋሲካን ዳቦ የምቆርሰው እኔ ነኝ። እርሷ ሳትቀመጥ እንደማልቆርስ ተናገርሁና ስልክ እንዲደውሉልኝ አዘዝሁ።

«ማነው?» አለች ጥሩወርቅ።

«ወንድምሽ ነኝ።»

«ዳቦውን የምታመጣው ነገ አይደል? ምን አስቸኮለህ?»

«አልተቆረሰም። ነይና ይቆረሳል።»

«ገበታው የት ነው?»

«ውጭ።»

«ቢላዋውስ?»

«በእጄ ነው። እኔም ውጭ ነኝ።»

«ካህኑ አሉ?»

«ይመጣሉ። ሰላም ከፈለጉ ወንበር አለ።»

ሣቀች፤ የአዮ ቃል እንደ ሆነ አውቃዋለች። «ሰማዩ እንዴት ነው?» አለችኝ ቀጥላ።

«ጠቁሯል።»

«እንግዲያስ መኪና ላክልኝ። ግን ስማኝ፤ ቢዘንብም ባይዘንብም፣ ዛሬ አልነሣም።»

የቤቴልሔም ወንድም መኪናውን አስነሥቶ ወደ ኡኬ ሄደ። ቤቴልሔም አጠገቤ ቆማ የፕላስቲኩን አበባ አንድ በአንድ እየለቀመች፣ «አያቴ፣ እስኪመጡ ዶሮው ይቀዘቅዛል እኮ» አለችኝ።

«ይቀዝቅዝ» አልኋት።

ዝናቡ ሲጀምር እንግዳው ሁሉ ወንበሩን እያነሣ ወደ ጣራው ሥር ሮጠ። እኔ ጋቢዬን አውልቄ ዳቦው ላይ ዘረጋሁት፤ ከአጠገቤ ያለውንም ወንበር እንዳይወስዱት በእጄ ያዝሁት። ቢላዋውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ፊቴን ወደ አጥሩ በር መልሼ ተቀመጥሁ።